«ጨጓራ ነው» ያልኩት እኔ ነበርኩ

ታናሽ ወንድሜ የሽንኩርት ገበሬ ነው። ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ የሮቢን ወንዝ ውሃ በቦይ እየጠለፈ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በክረምት ደግሞ ማሾና ማሽላ ያመርታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲያመው ኖሯል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉም «ጨጓራ ነው» ሲባል ኖሯል። ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ሐኪም አልነበረም፤ የመድኃኒት ቤት ባለሙያም አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ነርስ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሙያው አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ገና በሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ እሑድ ቤቴ መጥቶ እጁን ከእምብርቱ ከፍ አድርጎ ጫን አለና «እትዬ፣ እዚህ ጋ ይነፋኛል፤ አንዳንዴም ይቆርጠኛል» አለኝ። ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ ዞር ብዬም በደንብ አላየሁት። «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ቀንስ፤ ቁርስ ሳትበላ ወደ እርሻ አትውረድ» አልኩት። ነገሩ በዚያ አለቀ።

አበው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ። በእኛ ቤት የሆነው ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ቃሌን እንደ ጠበል አክብሮ ወሰደ፤ ልጥ የነከርኩበት እኔው ራሴ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበውም ለዚህ ነው። በየቤታችሁ «ጨጓራ አለብኝ» እያለ ዓመታት የቆጠረ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም አያት ይኖራል። ምናልባትም እናንተው ራሳችሁ ትሆናላችሁ።

ጥያቄውን የሚዘጋ ስም

ጨጓራ የአካል ክፍል ስም ነው፤ የበሽታ ስም አይደለም። «ጨጓራ አለብኝ» ማለት «ጉልበት አለብኝ» እንደ ማለት ነው። ሁላችንም አለን። ጥያቄው ምን ሆነ የሚለው ነው። ቆስሏል? ተቆጥቷል? አሲዱ ወደ ላይ እየመጣ ነው? ወይስ ሕመሙ ጭራሽ ከጨጓራው ሳይሆን ከአንጀት፣ ከሐሞት ከረጢት፣ ከጉበት ወይም ከጣፊያ ነው? በሆድ ውስጥ ብዙ ጎረቤት አለ። አንዱ ሲታመም የሚጮኸው ሌላው ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ስሙ ከወጣ በኋላ ማንም መጠየቁን መተዉ ነው። የወንድሜ ሚስት ጠዋት ጠዋት የተልባ ውሃ ታጠጣው ጀመር። ጎረቤት አብሽ አመጣ። አንዱ «ጥሬ ጎመን ጨምቀህ ጠጣ» አለው፤ ሌላው «አምቦ ውሃ ነው የሚያሽረው» አለው። በጾም ወራት ሕመሙ ሲብስ «ባዶ ሆድ መዋሉ ነው» ተባለ፤ በፋሲካ ሲብስ ደግሞ «ቅባቱ ነው» ተባለ። ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል እየገዛ ሁለት ሳምንት ይውጣል፤ ቀለል ሲለው ይተወዋል፤ ከወር በኋላ ተመልሶ ይገዛል። ቀለል ማለቱ ነበር ያታለለን። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ብዙ ዓይነት የሆድ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሳል። ማስታገሱ ግን በሽታው ጨጓራ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

በዚህ መሐል ሌሎች ምልክቶች ነበሩ። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ አልፎ አልፎም ደም ጠብ ያለበት። ይህን ለማንም አልተናገረም። ገበሬ ሰው ስለ ሰገራው ለእህቱ አያወራም። ድካም ነበረው፤ «እርሻው ነው» ይላል። በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ይከብደው ነበር፤ «ጭነት አንስቼ ነው» ይላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት እውነት ነው። ግን ያልተጠየቀ ሰውም እንደ ደበቀ ይቆጠራል ወይ? እኔ አልጠየቅሁትም።

ሦስት ወረቀቶች

ሕመሙ ሲበረታበት በተለያየ ጊዜ ሦስት ቦታ ታየ። የየቦታዎቹን ስም አልጠራም፤ የሆነው ነገር በየትኛውም ከተማ የሚሆን ነውና። ይዞ የተመለሰው ወረቀት ግን ለእናንተም እንግዳ ስለማይሆን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ነበር። በአገራችን የደም ጠብታ ተወስዶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይህ ውጤት ያልተሰጠው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከድሮ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ተመሳሳይ ጀርም ምክንያትም ሊታይ ይችላል። ታይፎይድ ደግሞ ትኩሳት ያለው፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል በሽታ ነው። ለዓመታት እየመጣ የሚሄድ የሆድ መነፋት በአንድ የዊዳል ወረቀት ታይፎይድ ሊባል አይገባም። ወንድሜ አሥር ቀን አንቲባዮቲክ ወሰደ። ምንም አልተለወጠም።

ሁለተኛው ወረቀት «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ይላል። ይህ ባክቴሪያ እውነተኛ ጠላት ነው። ቀድሞ የጨጓራ ቁስል በጭንቀትና በቅመም ይመጣል ሲባል የኖረውን የለወጡት ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። ማርሻል ሰው አላምን ቢለው እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በአገራችንም ባክቴሪያው በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ ይገኛል። በብዙዎቹ ላይ ምንም ሳያደርግ ይኖራል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ቁስል፣ በጥቂቶቹም ካንሰር ያመጣል። ስለዚህ መገኘቱ ብቻውን የሕመሙ ምክንያት እሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ደግሞም በደም የሚደረገው ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ወንድሜ የሁለት ሳምንቱን የመድኃኒት ጥምር ጨረሰ፤ ከዓመት በኋላ በደም ተመርምሮ «አሁንም አለብህ» ተባለና እንደ ገና ወሰደ።

ሦስተኛው ወረቀት የሰገራ ምርመራ ነበር። «ምንም ጥገኛ አልታየም» ይላል። ይህን ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ደስም ብሎኝ ነበር። የማውቀውን ነገር ረሳሁ። «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። አንድ ቀን፣ አንዲት ጠብታ ሰገራ ነው የታየው።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከተማችን ድረስ ሲደርስ ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ፤ እኛም እንደዚያው። ስንመለስ የሁሉም ሐሳብ ቤቱንና ማሳውን ማቅናት ሆነ። የሆድ ነገር ወደ ኋላ ተገፋ።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

በመጨረሻ የወንድሜ ቀበቶ ነገሩን ገለጠው። ሚስቱ ናት ያየችው። ፊቱና ክንዱ እየከሳ ሆዱ ግን ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ አስኬደው። «እትዬ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ያስተኙትና ሆዱን በእጅዎ ይዩልኝ» አለችኝ። አስተኛሁት። በግራ በኩል ከጎድን አጥንቱ ሥር እጄን ሳስገባ ጠንካራ ነገር አገኘሁ። ጣፊያው ነበር። ጤነኛ ጣፊያ በእጅ አይዳሰስም። ነርስነት በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የተማርኩትን ነገር በወንድሜ ሆድ ላይ ያደረግሁት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

በማግስቱ በጤና መድን ደብተሩ ሪፈር አጽፈን፣ በአርማኒያና በደብረ ሲና አድርገን፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ብርሃን ገባን። የተቀበለን ሐኪም ከልጄ የሚያንስ ወጣት ነው። ወረቀቶቹን አየና ወደ ጎን አደረጋቸው። ከዚያም «ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ገበሬ ነኝ።»

«ምን ያመርታሉ?»

«ሽንኩርት።»

«በመስኖ ነው? ውሃ ውስጥ ይገባሉ?»

ወንድሜ ሳቀ። «ልጄ፣ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ሰው ውሃ ሳይገባ እንዴት ይሆናል? ከልጅነቴ ጀምሮ ከጉልበቴ በታች ደርቆ አያውቅም» አለው።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ሲስተር፣ የሦስት ቀን ሰገራ እንፈልጋለን፤ አልትራሳውንድም ይነሣል» አለኝ። ምን እንደ ጠረጠረ ያን ጊዜ ገባኝ። እግሬ ተብረከረከ። በሦስቱም ቦታ፣ በእኔም ቤት፣ «ሥራህ ምንድን ነው» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔማ ሥራውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ግን ከሆዱ ጋር አላገናኘሁትም።

በመጀመሪያው ቀን ሰገራ ምንም አልተገኘም። በሁለተኛውም የለም። በሦስተኛው ቀን የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጠራችኝና ማይክሮስኮፑን አሳየችኝ፤ ሞላላ እንቁላል፣ በጎኑ ላይ አንድ እሾህ ያለው። የአንጀት ቢልሃርዚያ እንቁላል እንዲህ ነው፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። አልትራሳውንዱ ደግሞ ጣፊያው ማበጡን፣ ጉበቱ ውስጥ ባሉት የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ መጀመሩን አሳየ።

ከወንዙ እስከ ጉበት

ቢልሃርዚያ የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በአገራችን በስፋት የሚታየው አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። እጅግ ቆላም እጅግ ደጋም አይወድም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ይመቸዋል። ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከእኛ በስተ ሰሜን በከሚሴና በሀርቡ፣ በሌላም አቅጣጫ በወንጂ፣ በዝዋይና በጣና ዙሪያ በሽታው ለረጅም ዓመታት ሲጠና የኖረ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ወይም ቦይ ይገባል። እዚያ ይፈለፈልና በውሃ ውስጥ ወደሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ይገባል። በቀንድ አውጣው ውስጥ ተባዝቶ፣ በዓይን የማይታይ ባለ ጭራ እጭ ሆኖ ይወጣል። ሰው ውሃው ውስጥ ሲቆም እጩ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ መንካት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የምጠጣው የቧንቧ ውሃ ነው» ይላል። ቢልሃርዚያ ግን በእግር ነው የሚገባው።

ትሎቹ አድገው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለዓመታት ይኖራሉ። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖራቸው ነው። የሚጎዱን ትሎቹ ሳይሆኑ እንቁላሎቻቸው ናቸው። ከፊሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ከፊሉ የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ሌላው በደም ተጉዞ ጉበት ውስጥ ይቀራል። ሰውነት እያንዳንዱን እንቁላል በጠባሳ ይከብበዋል። ጠባሳው ሲበዛ ደም በጉበት ማለፍ ይቸግረዋል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ በጉሮሮ መጨረሻ ያሉ የደም ሥሮች ያብጡና አንድ ቀን ፈንድተው ሰውየው ደም ያስመልሳል። ይህ ሁሉ ግን ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ነው ሰዎች «ጨጓራ ነው» የሚሉት።

በረጅም ጊዜ ሕመምተኛ ላይ በየቀኑ በሰገራ የሚወጣው እንቁላል ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። አንድ የሰገራ ምርመራ ማጽናኛ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳላነሣ አላልፍም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያነጡበት የነበረው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያረጋገጡት ከዚያ ተነሥተው ነው። ለዚህም ሥራ ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እኔን የሚገርመኝ ማየታቸው ነው። ብዙ ሰው ያንን ወንዝ አይቷል፤ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች አይቶ «ለምን?» ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።

አራት እንክብል

ለዘጠኝ ዓመቱ ሕመም የታዘዘው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል። መጠኑ በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊ ግራም። ወንድሜ 60 ኪሎ ስለነበረ ባለ 600 ሚሊ ግራሙን እንክብል አራቱን ምግብ በልቶ በአንድ ቀን ዋጠ። ጥቂት ዞረበት፤ ሆዱንም ቆረጠው፤ በማግስቱ ደህና ነበር። መድኃኒቱ ትላልቆቹን ትሎች እንጂ ገና በማደግ ላይ ያሉትን በደንብ ስለማይገድል፣ ከሳምንታት በኋላ ሰገራው እንደ ገና ታይቶ ድጋሚ ተሰጠው።

ተቅማጡ ቆመ። ድካሙ ቀለለ። የጉበቱ ጠባሳ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አዲስ አበባ ሄዶ በኢንዶስኮፒ የጉሮሮው የደም ሥሮች ታዩ፤ አብጠዋል፤ ግን አልፈነዱም። አሁን ክትትል ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ቢታወቅ ኖሮ በእነዚያው አራት እንክብሎች ነገሩ ባለቀ ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ለእሱም ነገርኩት። «እትዬ፣ አንቺ ባትወስጂኝ ደብረ ብርሃንን ማን ያሳየኝ ነበር?» አለኝ። ይቅር ማለቱ ነው፤ ይብስ ያስለቀሰኝም ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን የቤተሰቡ ሁሉ ሰገራ ይታይ አልን። የ12 ዓመቱ ልጁ ተገኘበት። ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኞቹ ጋር ሮቢ ሲዋኝ የሚውል ልጅ ነው። አልፎ አልፎ «ሆዴን» ሲል እናቱ «ማንጎ አብዝተህ ነው» ትለው ነበር። የእሱ ጉበት ምንም አልሆነም፤ በጊዜ ተደርሶበታል። በትምህርት ቤቶች የትላትል መድኃኒት በነፃ የሚሰጥበት አገር አቀፍ ዘመቻ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይካሄዳል። ልጁ ግን በዕደላው ቀን «መራራ ነው» ብሎ ከክፍል ጠፍቷል። አያቶችና ወላጆች፣ ልጆቻችሁ በዚያ ቀን ቁርሳቸውን በልተው መሄዳቸውንና መዋጣቸውን ጠይቁ። ዘመቻው በዋናነት ያተኮረው ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚውል ትልቅ ሰው ራሱ ሄዶ መመርመር አለበት።

ሁሉም ሆድ አንድ አይደለም

ይህን አንብባችሁ «እኔም ቢልሃርዚያ ነው ያለብኝ» ብላችሁ መድኃኒት ቤት እንዳትሄዱ። ያኔማ አንዱን ስም በሌላ ስም ተካን ማለት ነው። ደጋ ኖሮ ወንዝ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። ከሠራሁባቸው ዓመታት የማስታውሳቸውን ልጥቀስ።

ለቁርጥማትና ለራስ ምታት በየጊዜው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚውጡ አረጋውያን ጨጓራቸው ይቆስላል። ወተት በጠጡ ቁጥር የሚነፋቸውና የሚያስቀምጣቸው አሉ፤ አዋቂ ሲሆኑ ወተቱን የሚያላምጠው ቅመም ያንሳቸዋል። ጃርዲያ የያዘው ሰው ሽታው የከፋ ሰገራ፣ ብዙ ግሳትና ጋዝ አለው፤ ሳምንታት ይቆይበታል። ቁርጥ የሚወድ ሰው የኮሶ ትል ይኖረዋል። ቅባት ያለው ምግብ በልቶ በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንት ሥር ለሰዓታት የሚያመው ሰው የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። የአንጀት ቲቢም አለ፤ ሌሊት ያልባል፣ ያከሳል። ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ በጭንቀት ጊዜ የሚብስ፣ ሰገራ ሲወጣ ቀለል የሚል የአንጀት መረበሽም አለ፤ እሱም እውነተኛ ሕመም ነው እንጂ «ምንም የለብህም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ

ከወንድሜ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ። መቼ አመመ? ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ? የትኛው ቦታ? ምን በላችሁ? ሰገራው እንዴት ነበር? መጻፍ ለማይችሉ አያቶች የልጅ ልጅ ይጻፍላቸው። አንድ ገጽ ማስታወሻ ሐኪሙን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ያሳየዋል።

ሁለተኛ፣ የኖራችሁበትንና የሠራችሁበትን ቦታ ሳትጠየቁም ተናገሩ። አሁን አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ልጅነቱን ይፋት ወንዝ ሲዋኝ አሳልፎ ሊሆን ይችላል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱን ጨምሮ፣ አትደብቁ።

ሦስተኛ፣ የሰገራ ናሙና ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ሽንት አይቀላቀልበት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ቢዘገይ አሜባውና ጃርዲያው ይሞትና አይታይም። ሕመሙ ከቆየ በሦስት የተለያዩ ቀናት እንዲታይ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ኤች ፓይሎሪ ሲመረመር ከደም ይልቅ በሰገራ ወይም በትንፋሽ የሚደረገው ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአራት ሳምንት ያልተወሰደ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ከታዘዘላችሁ ሳታቋርጡ ጨርሱ፤ መጥፋቱም ከጨረሳችሁ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ይረጋገጥ።

አምስተኛ፣ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ፤ «ምን ነው የጠረጠሩት? ካልተሻለኝ ቀጥሎ ምን ይታያል? መቼ ልመለስ?» ይህ ሐኪምን መድፈር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ደስ ይለዋል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የሚከተሉት ከታዩ ተልባም፣ አብሽም፣ ኦሜፕራዞልም አይሞከር፤ ወደ ሐኪም ይኬድ። ደም ማስመለስ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፤ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰገራ (የደም ማነስ ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው በክኒኑም ሊጠቁር ይችላልና ይህን ይንገር)፤ ሳይታሰብ መክሳት፤ ምግብ ሲዋጥ መተናነቅ፤ የዓይን ቢጫ መሆን፤ የሆድ ማበጥ፤ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፤ ዕድሜ ከ50 ካለፈ በኋላ አዲስ የጀመረ የሆድ ችግር። ከእነዚህ አንዱ ካለ ኢንዶስኮፒ ወይም አልትራሳውንድ የሚያስፈልግ መሆኑን ሐኪሙ ይወስናል። ደም ያስመለሰ ሰው ደግሞ እስከ ነገ አይቆይም።

ሽንኩርቱ አሁንም ይተከላል

ወንድሜ እርሻውን አልተወም። ልጆቹን የሚያሳድገው በምኑ ነው? የጎማ ቦት ጫማ ገዝቷል፤ ሙቀቱ ስለሚያስቸግረው ሁልጊዜ አያደርገውም፤ ስንጨቃጨቅ እንኖራለን። እጩ በብዛት ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ፀሐይ በበረታችበት በቀትር አካባቢ ስለሆነ ቦይ የሚከፍተው ጎህ ሲቀድ ነው። ይህ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከወንዝ የተቀዳ የገላ መታጠቢያ ውሃ ሁለት ቀን ተከድኖ ከቆየ እጩ ስለሚሞት በርሜል አስቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማሳው አጠገብ መጸዳጃ ቆፍሯል፤ ለጎረቤቶቹም «ሜዳ ላይ የምትወጡት ነገር በቦዩ ተመልሶ ይመጣባችኋል» እያለ ይሰብካል። በየዓመቱም ሰገራውን ያስመረምራል።

እኔም አንድ ልማድ ለውጫለሁ። ጎረቤት ለቡና መጥታ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ስትለኝ ሲኒዬን አስቀምጬ «ማነው ጨጓራ ነው ያለሽ?» እላታለሁ። ብዙዎቹ ትንሽ ያስቡና «ሰው» ይላሉ። ያኔ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» እላለሁ፤ እስክትጨርስም አላቋርጣትም። ወንድሜን ያን እሑድ እንዲህ ብጠይቀው ኖሮ ወጡ ቢያር ነበር የምንከስረው።